አምስት መንደር በአንድ ጉልበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እርስዎ ልልሽ ሞክሬ አፌ እንቢ አለኝ። የድሬ ልጅ ነኝ። 57 ዓመቴ ነው። ልጄ ጣሊያን፣ ሚላኖ ውስጥ አዛውንት ትንከባከባለች። "እማ፣ ግንቦት ላይ ነይና ሁለት ሳምንት እረፊ" ብላኛለች። የምትወስደኝን ቦታ ፎቶም ላከችልኝ። ባሕር ዳር ገደል ላይ የተለጠፉ ቀይ፣ ቢጫና ሮዝ ቤቶች ናቸው። አምስት መንደር ነው አሉ። "አምስቱንም በአንድ ቀን በእግራችን እናዳርሳለን" ትላለች። እኔ ደግሞ ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይቆረጥመኛል። ልጄን ማስቀየም አልፈልግም፤ መንገድ ላይ ተዘርግቼ ሸክም መሆንም አልፈልግም። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ጫማስ ምን ይሻላል? ሐላል ምግብ አገኛለሁ? ቪዛውስ?» ሐ.፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አንቺ በይኝ አቦ። እኔም ከዚራ ነው ያደግኩት። እርስዎ የሚለኝ ሰው አንድም ገንዘብ ሊበደረኝ ነው፣ አንድም ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።

ሂጂ። አምስቱን በአንድ ቀን በእግር የሚለውን ግን እርሺው። ልጅሽ ወጣት ናት፣ ጉልበቷም የራሷ ነው።

እኔ ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ። ታናሽ እህቴ ጄኖቫ ትኖራለች። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጠይቃት ሄጄ ይህንኑ ቦታ አሳየችኝ። ቺንኩዌ ቴሬ ይሉታል፣ «አምስቱ ምድር» እንደ ማለት ነው። መንደሮቹ ከሰሜን ሲጀመር ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው። ከመሄዴ በፊት ካርታ ዘርግቼ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደውን መንገድ ለካሁ። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ይቺማ ከከዚራ ሳቢያን ጥቂት ጊዜ መመላለስ ናት» አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። ልጆቹን «ርቀቱን ብቻ አትዩ፣ ከፍታውንም እዩ» እያልኩ ስንቱን ዜሮ ሰጥቻለሁ። እኔው ራሴ ረሳሁት።

መንገዱ ሜዳ የለውም። ከመንደሩ ስትወጪ ደረጃ ነው። የወይኑ እርሻ ውስጥ ስትገቢ ደረጃ ነው። «አሁንስ አለቀ» ስትዪ ይታጠፍና ሌላ ደረጃ ያሳይሻል። ደረጃው ደግሞ የቤት ደረጃ እንዳይመስልሽ። ድንጋይ ነው፣ አንዱ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ሌላው ለተረከዝ አይበቃም። በአንድ በኩል የድንጋይ ካብ፣ በሌላ በኩል ገደልና ባሕር። ከሞንቴሮሶ ቬርናጻ ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። እኔን ሦስት ፈጀብኝ። ሞንቴሮሶ በሎሚ የታወቀ ነው። በየካቡ ጥግ ሎሚ ባየሁ ቁጥር «ላሽትት» እያልኩ ቆሜያለሁ። እህቴ ሰበብ መሆኑ ገብቷታል፣ ምንም አላለችም።

ማታ ሆቴል ስደርስ ያመመኝ ዳገቱ አይደለም። ዳገት ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው። ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለት ነው። አንቺም «ስወርድ» ብለሽ ጽፈሻል፣ ስለዚህ ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሳል፤ ብዙ ውጪ፣ ትንሽ ውረጂ።

ይህ እንዴት ይሆናል ካልሽ በባቡር ይሆናል። ከላ ስፔጺያ ተነስቶ ሌቫንቶ የሚደርስ ባቡር አለ። አምስቱም መንደር ላይ ይቆማል። ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፣ አብዛኛውም በዋሻ ውስጥ። ባሕሩ ብልጭ ይልልሻል፣ ወዲያው ይጨልማል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሰው ነበር። እዚያ ጣቢያ ቆሜ ስንት ጊዜ አሰብኩት። የእኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ናት። እነዚያ መንደሮች ግን ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1874 ሲያልፍባቸው ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። ያን ሁሉ ዘመን መግቢያና መውጫቸው ጀልባና ይኸው የበቅሎ መንገድ ነበር። አሁን የሰው ሁሉ መዝናኛ የሆነው መንገድ ያኔ ወይን ተሸክመው የሚወጡበት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ማደሪያችሁን ላ ስፔጺያ ወይም ሌቫንቶ ያዙ። መንደሮቹ ውስጥ አልጋ ውድ ነው፣ ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣትም አለ። ጠዋት በእኛ አንድ ሰዓት ላይ ባቡር ያዙ። ረፋዱ ላይ ላ ስፔጺያ ወደብ የሚቆሙት ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች ሰዉን ያፈሱታል፤ ያኔ ባቡሩ የቀፊራ ሚኒባስ ነው።

ቬርናጻ ውረዱ። ከዚያ ወደ ኮርኒሊያ በእግር ሂዱ። አቅጣጫውን አደራ! አብዛኛው ሰው እንዲያው ደስ ባለው በኩል ይጀምራል። ቬርናጻ ከባሕሩ እኩል ናት። ኮርኒሊያ ግን 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። መንገዱ መሃል ላይ 200 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከቬርናጻ ከተነሳሽ 200 ትወጪና 100 ብቻ ትወርጃለሽ። ከኮርኒሊያ ከተነሳሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጉልበትሽ አለቀ። እኔ ይህን ያወቅኩት ካለፈ በኋላ ነው።

ኮርኒሊያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ጣቢያው ታች ነው፣ መንደሩ ደግሞ ከላይ ነው። የሚያገናኛቸው ደረጃ 382 ነው። እህቴ ቆጠረች፣ እኔ 140 ላይ መቁጠር አቆምኩ። አንቺ በፍጹም እንዳትሞክሪው። ከመንደሩ ጣቢያ የሚመላለስ ትንሽ አውቶቡስ አለ። የፓርኩን ካርድ ከገዛችሁ አውቶቡሱ ይካተታል፤ ባቡሩን የሚጨምረውን ዓይነት ካርድ ብትገዙ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በባቡር መውጣትና መውረድ ነው። ከሞንቴሮሶ እስከ ኮርኒሊያ ባለው መንገድ ላይ በእግር ለመሄድም ካርዱን ይጠይቃሉ። ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ።

የመጨረሻው ቁራጭ ለአንቺ የተሠራ ነው። ከሪዮማጆሬ ማናሮላ የሚወስደው «የፍቅር መንገድ» ይባላል። ሜዳ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ገደሉ ወገብ ላይ ተቆርጦ የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2012 ድንጋይ ተንዶ ቱሪስቶችን አቆሰለና ተዘጋ። እኔ ስሄድ የብረት በር ተገትሮበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ተከፈተ። አንድ ዓመት አልታገስኩም! የራሱ ትኬት አለው፣ ሰዓቱም አስቀድሞ ይያዛል፤ ለልጅሽ ንገሪያት። ከኮርኒሊያ ወደ ማናሮላ ያለውን ግን በባቡር ዝለሉት። የባሕር ዳሩ መንገድ ለዓመታት ተዘግቶ ነው የቆየው፣ በላይ የሚዞረው ደግሞ ተራራ ለሚወዱ ነው።

አሁን ስለ ቬርናጻ ትንሽ ልበልሽ። ስለ እሷ አልጠየቅሽኝም ብትዪም ይሄም የመንገድ ነገር ነው።

መንደሯ ውስጥ አንድ ዋና መንገድ አለ። ከጣቢያው ቁልቁል ወደ ወደቡ ይወርዳል፣ ግራና ቀኙ ሱቅና ምግብ ቤት። እንደ ማንም ሰው ጄላቶ ይዤ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አየሁ። ያው መንገድ ነው፣ ግን ጭቃ ውጦታል። መኪና በአፍንጫው ተተክሏል። ባለሱቋን ጠየቅናት። እኛ የረገጥነው መንገድ ሥር ወንዝ አለ። ከድነውት ነው መንገድ የሆነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወረደው ዝናብ ተራራውን ይዞት መጣ። ቬርናጻ ላይ ሦስት ሰው ሞተ። ሕዝቡ ለወራት ከመንደሩ ወጣ።

ጄላቶዬ እጄ ላይ ቀለጠ። አንቺ የመጋላ ልጅ ነሽ፣ ስለ ደቻቱ ወንዝ አልነግርሽም። በጋ ላይ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ሌሊት ምን ይዞ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ከዚራ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ። ለባለሱቋ በእህቴ በኩል «እኛም አገር እንዲሁ ሆኗል» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ለገዛሁት ሎሚ ሳሙና ሙሉውን ዋጋ ተቀበለችኝ፤ እሱስ ያው ነጋዴ ናት።

ያ ሁሉ አፈር ከየት መጣ? ከካቡ ነው። ተራራው ሁሉ እርከን ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና ጫት የሚያበቅልበትን እርከን ታውቂ የለ፣ የኮንሶንም በቴሌቪዥን አይተሻል። እዚያም እንዲሁ ነው፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ። ካብ በየዓመቱ ጠጋኝ ይፈልጋል። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ፣ እርከኑ ባለቤት አጣ፣ ካቡ ተናደ። ውሃው ሲመጣ የሚይዘው የለም። አሁን ጥቂት ቤተሰቦች ተመልሰው ይክባሉ። ወይኑን በአንድ ሐዲድ ላይ በምትንፏቀቅ ትንሽ መኪና ሲያወርዱ ታያለሽ። ባለቤቴ ቢያያት «ይቺስ ከእኛዋ ኦቶራይ ባቡር ትሻላለች» ይል ነበር።

ስለዚህ ወሩ ግንቦት መሆኑ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰዉም ሙቀቱም አያስቆምም። እኛ የድሬ ሰዎች «ሙቀት ለእኛ ይነገረናል?» እንላለን፤ የእኛ ግን ደረቅ ነው፣ የባሕር ዳሩ ያጣብቃል። ጥቅምትና ኅዳር የጎርፍ ወቅት ነው። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያው ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሲሆን መንገዶቹን ይዘጋሉ። ያን ቀን ልጅሽ «እንሞክር» ብትል እንዳትሰሚያት። ዓረፋ የት ላይ እንደሚውልም አይተሽ ቀኑን ቁረጪ።

ጫማ። እዚህ ላይ አፍሬያለሁ። በሁለተኛው ቀን እግሬ አብጦብኝ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። የመንገዱ መግቢያ ላይ ካርድ የሚያየው ሰውዬ ፊቴን አላየም፣ እግሬን ነው ያየው። «ሲኞራ፣ ኖ» አለ። ሌላ ቃል አላስፈለገውም። በነጠላ ጫማና ሶሉ ልሙጥ በሆነ ጫማ መንገዱን መርገጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ ጀምሮ እስከ 2,500 ይደርሳል። ሰው እየወደቀ በሄሊኮፕተር ማንሳት ስለሰለቻቸው ነው። ተመለስን። እህቴ እየሳቀች ጀልባ አሳፈረችኝ። ወላሂ ከጉዞው ሁሉ ያ ጀልባ ነው የማይረሳኝ። ከባሕሩ ላይ ሆነሽ ስታዪው ቤቶቹ የተደረደሩ የቅመም ጆንያዎች ይመስላሉ። ጀልባው ኮርኒሊያ አይቆምም፣ ወደብ የላትም። የተቀሩትን አራቱን ያዳርሳል። አንድ ቀን በጀልባ አሳልፉ፣ ጉልበትሽም ያርፋል።

ስለዚህ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ጣት የማያጨናንቅ ሸራ ጫማ ግዢ። አዲሱን ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ እዚሁ አድርገሽ አላምጂው። ምርኩዝም ያዢ። አታፍሪ፣ እዚያ የሃያ ዓመት ጀርመኖች ሁለት ሁለት ይዘው ነው የሚሄዱት።

ማላመጃው ደግሞ ቅርብ ነው። ድሬ ሜዳ ናት፣ ደረጃ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘሽ ደንገጎን አልፈሽ ሐረር ውጪ። ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር በጀጎል ጠባብ መንገዶች ቁልቁል ውረጂ፣ ከዚያ ተመለሺ። ድንጋዩ፣ ጥበቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ሁሉም ቁርጥ እዚያ ነው። ባሕሩ ብቻ የለም። አራት ቅዳሜ ሞክሪው። ጉልበትሽ ማግስቱን ካበጠ ሐኪም ይየው፣ የቬርናጻውንም መንገድ ተይውና የፍቅር መንገዱንና ጀልባውን ያዢ። በዚያም ብትመለሺ አልጎደለብሽም።

ምግቡ አያሳስብሽ። ዳቦ ቤቱ ላይ «ፎርኖ» የሚል ታፔላ ታያለሽ፣ ቃሉን ከሕፃንነትሽ ታውቂዋለሽ። ግቢና ፋሪናታ ጠይቂ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ገብቶበት በሰፊ ትሪ እምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ «ይሄማ ሽሮ ነው፣ ቂጣ የሆነ ሽሮ!» ብያለሁ። በርበሬ ይጎድለዋል፤ ትንሽ በወረቀት ቋጥረሽ ያዢ፣ እኔ ይዤ ነበር። ፎካቻ የሚሉት ዳቦም አለ። ብዙውን ጊዜ በወይራ ዘይት ነው፣ ግን «ስትሩቶ አለው?» ብላ ልጅሽ ትጠይቅ። ስትሩቶ የአሳማ ሞራ ነው። ሞንቴሮሶ ትንንሽ ዓሣ በሎሚ አሰናድተው ያቀርባሉ፣ አንቾቪ ነው፣ ብዪ። ቬርናጻ ደግሞ ያንኑ ዓሣ ከድንችና ከቲማቲም ጋር በትሪ ይጋግሩታል፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይን ጠጅ ጠብ ይደረግበታልና ሳትጠይቂ አትዘዢ። ሥጋ እዚያ አታስቢ፣ ሚላኖ ልጅሽ ቤት ይደርሳል። የመጠጥ ውሃ መንደሩ ውስጥ ከቧንቧ በነፃ ይቀዳል፤ ባዶ ጠርሙስ ያዢ።

የባቡር ትኬትሽ ወረቀት ከሆነ ሳትሳፈሪ በፊት ጣቢያው ላይ ያለው ማሽን ውስጥ አስገብተሽ አስመቺው። እኔ ዘንግቼ ቅጣት ከፈልኩ። የባቡር ሠራተኛ ሚስት!

ቪዛውን ቶሎ ጀምሪ። ሸንገን ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አድርጎት ነበር። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ይቀበላሉና ጥር ላይ ወረቀትሽን ጨርሺ። ልጅሽ የጥሪ ደብዳቤና የመኖሪያ ፈቃዷን ቅጂ ትላክ።

ጥያቄ፦ «እኔ ቪዛም ዩሮም የለኝም። ከሐረር ቅርብ ሆኖ ባሕር ዳር በእግር የሚኬድበት ቦታ የለም ወይ?» ተማሪ፣ ሐረር

መልስ፦ አለ፣ ግን ፓስፖርት አውጣ። ከመልካ ጀብዱ ጣቢያ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረህ ታጁራ። ነጭ ቤቶች ያሏት ጥንታዊ የነጋዴ ከተማ ናት። ሐረር ቤቱን የምትጎበኝለት ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያመጣ ሲል አንድ ዓመት ገደማ የተቀመጠው እዚያ ነው። ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አትጠብቅ፣ ባሕሩን በቀኝ አድርገህ መሄድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሂድ፤ በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስተህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ውስጥ ግባ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ያዝ። ሚሪንዳ ውሃ አይደለም።